ማግኔቱ ሲነሳ

መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች፣ የሲኒ ማስቀመጫ የምታክል ክብ የሰም ቂጣ አለችኝ። ወደ ብርሃን ሳነሳት ጥቁር ክሮች ከመሃሏ ወደ ዳር ተዘርግተው ይታያሉ። ሳሸታት ዛሬም ማር ማር ትለኛለች፤ ወዲያው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ የአባዬ መሥሪያ ደጃፍ ላይ ራሴን አገኘዋለሁ።

አባዬ ከሰቃ ለሚመጡ ቡና ገበሬዎች ገጀራና ማጭድ በሞረድ ይስል ነበር። ከሞረዱ ሥር የሚረግፈውን የብረት ብናኝ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ለነዚፍ ግን ሀብታችን ነበር። ነዚፍ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ላይ ቀለበት የመሰለ ማግኔት ፈልቅቆ አውጥቷል። አንድ ቀን ብናኙን ሳህን ላይ ዘይት ውስጥ በተነና «ኮቱ፣ ነይ እዪ» ብሎ ጠራኝ። ማግኔቱን ከሳህኑ ሥር ሲያስጠጋው ያ የተበተነ ዱቄት እርስ በርሱ እየተያያዘ ክር ሠራ። ማንም በእጁ አልነካውም። ማግኔቱን ሲያርቀው ግን ክሩ ላላ፤ ሳህኑን ነቅነቅ ሲያደርገው ፈራረሰ።

«ማግኔቱ ሲነሳም እንደተሰለፉ እንዲቀሩ ምን እናድርግ?» አልኩት።

«ሰሚራ፣ ያንቺ ጥያቄ እንደ ጅማ ዝናብ ነው፤ አያባራም» ብሎ ሳቀብኝ። ግን እሱንም ነገሩ ያዘው።

ያን ሰሞን ነዚፍ ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌ ተጠርቶ ነበር። እማዬ ስንቁን ታሰናዳለች፤ እኔ ሳይሄድ መልሱን ላገኝ እጣደፋለሁ። የሚሄድበት ቦታ ምን እንደሆነ የት አውቄ፤ የጀመርነውን ሳንጨርስ መሄዱ ነበር የሚያስፈራኝ።

መጀመሪያ በቀለጠ ቅቤ ሞከርን። ማግኔቱን ከሥሩ ትተነው አደርን፤ ጠዋት ቅቤው ረግቶ ክሮቹ ቆመው አገኘናቸው። ደስታችን ግን እስከ ቁርስ አልዘለቀም። እማዬ ጥቁር ጥቁሩን ስታይ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ቅቤ መስሏት ለነዚፍ ስንቅ የምታሸውን የገብስ ጭኮ ለወሰችበት። አባዬ ሲቀምሰው ጥርሱ ሥር ተንኮሻኮሸበት። «ብረቱንስ እዚያው ጦር ሜዳ ይደርስበታል፤ ከቤትም በልቶ ይሂድ?» አለ። እማዬ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ያኔ በሳቅ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻ ነዚፍ ከማር ነጋዴ ጎረቤታችን ሰም ለምኖ አመጣ። ሰሙን አቅልጦ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አፈሰሰና ብናኙን ነሰነሰበት። ማስቀመጫውን ሁለት ጡብ ላይ አጋድሞ ማግኔቱን ከሥር በመዳፉ ደገፈው። እኔ ቶሎ እንዲበርድ እፍ ልል ጎንበስ ስል ከለከለኝ።

«ተይው። እኔ እይዘዋለሁ፤ በራሱ ጊዜ ይርጋ።»

እጁ እስኪዝል ያዘው። ከዚያ ቀስ ብሎ አወረደው። ትንፋሼን ውጬ ተመለከትኩ፤ አንዲትም ክር አልተላወሰችም። ሰሙን ከማስቀመጫው ፈልቅቆ ሰጠኝ፤ በማግስቱ በእማዬ ዱዓ ተሸኝቶ ሄደ። አልተመለሰም። እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ዘመኑ ተለውጧል። ልጄ የምትጠይቀውን ሁሉ ስልኳ ይመልስላታል፤ እኔ የነበረኝ ነዚፍ ነው። ባለፈው ሰሟን ከመሳቢያዬ አግኝታ፣ ወደ መስኮቱ ይዛ ስታገላብጣት ቆየችና «እማ፣ እናቅልጣትና እንደገና እንሥራት?» አለችኝ። ከእጇ ቀማኋት። በጥያቄ ሰው ሳደርቅ ያደግኩ እኔ፣ ልጄን በመጠየቋ ተቆጣኋት። ፊቷ ሲጠቁር አይቼ አፈርኩ።

በነጋታው ገበያ ወጥቼ ሌላ ሰምና ማግኔት ገዛሁላት፤ የብረት ብናኝም ከአንድ ብረት ሠሪ ለምኜ አመጣሁ። አቅልጣ አፈሰሰችው፣ ብናኙንም ራሷ ነሰነሰች። ከሥር ማግኔቱን ደግፌ የያዝኩት ግን እኔ ነበርኩ፤ እጄ ቢዝልም ሰሙ እስኪረጋ አላወረድኩትም።