በጋቢው ጠርዝ የተገኘችው ክር

ከአገሬ ርቄ በምኖርበት በዚህ ሰፈር ጎረቤቴ ልብስ ስትሰፋ ክሩን በጥርሷ በጠስ ስታደርገው፣ ያቺ ድምፅ ሳላስባት ወደ ቡሬ ገጠር፣ ወደ እናቴ ጓዳ ትመልሰኛለች።

ጣሊያን ቡሬ ላይ መሽጎ አባቴም ዱር ቤቴ ብሎ በወጣበት ዘመን፣ በጋ በመጣ ቁጥር እናቴ ጥጥ ዳምጣ፣ ፈትላ፣ ሸማኔው የሠራላትን ሸማ አራት አድርጋ አጥፋ፣ ጠርዙን ራሷ በፈተለችው ክር ትሰፋ ነበር። በስመ አብ ብላ ትጀምር ነበር፤ ስፌቷም እንደ ጤፍ የደቀቀ ነበር። አባቴ የወጣው እሷ የሰፋችውን ጋቢ ለብሶ ነው። እሱና ባልንጀሮቹ የሸመቁበትን ዋሻ እናቴ ታውቅ ነበር፤ እኛ ልጆች ግን ሰው ሲጠይቀን «እግዜር ይወቀው» ማለትን ብቻ ተምረን ነበር።

ክረምት ገብቶ፣ ዝናቡ ሳያባራ አንድ የማናውቀው ሰው የአባቴን ጋቢ ይዞ ደጃችን ቆመ።

«እሜቴ፣ ባለቤትዎ ቆስለው እኔ ቤት ተኝተዋል። ለምልክት ይህን ሰጡኝ። ባልንጀሮቻቸው መጥተው ይውሰዱኝ ነው የሚሉት፤ ወዴት ሄጄ ልንገራቸው?»

«አገርዎ ወዴት ነው?»

«ወደ ሽንዲ ግድም።»

እኔ ዘልዬ ጋቢውን ላቅፍ ስል እናቴ በክርኗ ገታችኝና ለሰውየው ጠላ ቀድታ፣ ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠርዙን እንደ መቁጠሪያ ስትዳብስ ቆየች፤ ድንገት እጇ ቆመ። አንዱ ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ እንደገና ተሰፍቶ ነበር። የክሩን ጫፍ በጥርሷ በጠስ አድርጋ አየችው፤ የእሷ ፈትል ሳይሆን ለስላሳ የሱቅ ክር ነው። ዱር ውስጥ የሱቅ ክር ከየት ይመጣል? በእጥፉ መካከል የተደበቀ ወረቀት የሚፈልግ ጠላት ካልሆነስ ማን ጋቢን እስከ ጫፉ ይተረትራል?

«የባሌ አይደለም» ብላ አጥፋ መለሰችለት።

ሰውየው ሳቀ። «ኧረ እሜቴ! ሚስት የባሏ ልብስ ይጠፋታል?»

«ጥሎኝ ከሄደ ወዲያ ልብሱም መልኩም ጠፍቶኛል። ቁስለኛዎን እግዜር ይማርልዎ።»

ሰውየው ሲርቅ «እማዬ፣ የአባዬ እኮ ነው!» አልኳት።

«ዝም በይ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለችኝ።

መስከረም ሲጠባ የአባቴ ባልንጀሮች ዋሻቸው ሳይገኝባቸው ስንቅ ሊወስዱ መጡ፤ አባቴ አብሯቸው አልነበረም። ወደ ሽንዲ ወርደው ቢያጠያይቁም ሰውየውን የሚያውቅ አጡ። የአባቴ ሬሳም ልብሱም ሳይመለስልን ተዝካሩን አወጣን። እናቴም እስክታርፍ ድረስ ጸሎቷን የምትዘጋው «ጌታ ሆይ፣ ያ ክር የማን እንደነበር አንተ ታውቃለህ» እያለች ነበር።

ዛሬ ከአገር ቤት የሚላክልኝ ጋቢ ጠርዙ በሙሉ በመኪና፣ በሱቅ ክር የተሰፋ ነው። ላኪዎቹ የእኔው ወገኖች ናቸው፣ አምናቸዋለሁ። ቢሆንም በስመ አብ ብዬ፣ ጠርዙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳልዳብስ ለብሼው አላውቅም።