የታልኬ ብሩንስ ቁጥሮች

ታልኬ ብሩንስ በሰሜናዊቷ ኖርደርዚል ከተማ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሠላሳ አራት ዓመት ሠርታለች። ትምህርቷን በዐሥራ አምስት ዓመቷ አቋርጣ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ገባች፤ ቀጥሎ ሙዚየሙን ለማጽዳት ተቀጠረች፤ ዕቃ ስትይዝ ጥንቁቅ መሆኗን ያዩ ሰዎች ደግሞ ምድር ቤት ወዳለው የሥዕል መጋዘን አወረዷት። ሥዕል ማንሣትና ማስቀመጥ፣ አቧራ ማራገፍ፣ ፍሬም መፍታትና መግጠም ሥራዋ ነው። «ስለ ሥዕል ምንም አላውቅም» ትላለች። የትኛው የት እንዳለ ግን ጨለማ ውስጥም ታውቃለች።

በየሁለት ዓመቱ አንድ ወጣት ዶክተር ይመጣል፤ ዶክትሬቱን ገና የጨረሰ፣ የሙዚየም ሥራ እንዲለማመድ ሁለት ዓመት የተሰጠው፣ አንድ ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ የሚሄድ። ታልኬ ሰባቱን ሸኝታለች። ስምንተኛዋ ቬሬና አይግነር ነበረች፤ ከደቡብ የመጣች፣ ብርዱን ያልለመደች፣ መጋዘን ውስጥም ኮፍያዋን የማታወልቅ።

በመጣች በሦስተኛው ወር ዐይኗ አንድ ሥዕል ላይ ዐረፈ። ግራጫ ሻርፕ የደረበች አሮጊት ናት፤ መዝገቡ ላይ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብሏል። ሲገለብጡት ጀርባውን በሚሸፍነው ስስ ጣውላ ላይ የደበዘዘ የእርሳስ ጽሑፍ ተገኘ፦ «ለእናቴ፣ በገዛ እጄ። ዮሃና ቴትንስ።» ዮሃና ከመቶ ዓመት በፊት በዚያችው ከተማ የኖረች፣ አንድም ሥዕሏ ያልተገኘላት ሠዓሊ ናት።

«ወይዘሮ ብሩንስ፣ ይሄ ጣውላ የዚሁ ሥዕል ነው?» አለች ቬሬና።

ታልኬ የጣውላው ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር አየች። ከሸራው ቁጥር ጋር አንድ ነው። የጻፈችው ራሷ ናት።

«ቁጥሩን ይዩታ» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ቁጥር የጻፈችው ውሃ ምድር ቤቱን ባጥለቀለቀበት ዓመት ነው። ያኔ እሷና አናጢው ኦኖ ፍሬሞቹን ፈትተው ጣውላዎቹን ግቢ ውስጥ አሰጧቸው። ቁጥር የሚጻፈው ፍሬምና ሸራ ላይ ነበር፤ ጣውላን ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል? ሲደርቁ አራቱ በመጠን እኩል ሆኑባት። የመሰላትን ጣውላ ከመሰላት ሥዕል ጋር ገጠመች። ከዚያ ዳግመኛ እንዳይቀላቀሉ ብላ በያንዳንዱ ላይ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ቁጥር ጻፈች፤ ኃላፊውም አመሰገናት። ከዚያ ወዲህ «በታልኬ መጋዘን ስሕተት አይገኝም» ይባላል። ከትምህርት የቀረባትን የምትሞላው በዚህ ስም ነበር፤ ስለዚህ በግምት መግጠሟን ለቬሬና አልነገረቻትም።

ቬሬና የቆዩ ደብዳቤዎች አሰሰች፣ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ አገላበጠች፣ ኤግዚቢሽኑን በሙሉ በአሮጊቷ ዙሪያ ሠራች። በሁለተኛው ዓመት በብርዱ ወራት ቋሚ የሥራ ቦታ ተከፈተ። ተወዳዳሪዎቹ ቬሬናን ጨምሮ ሦስት ናቸው፤ እሷ በእጇ የያዘችው ዮሃና ቴትንስን ብቻ ነው። ታልኬ ይህን ከሰማች ወዲህ ምግብ አልወርድ አላት።

«ምነው ከሳሽ? ልታገቢ ነው እንዴ?» አላት ኦኖ።

«የዚያን ዓመት ጣውላዎች ትዝ ይሉሃል? ያሰጣናቸው።»

«እንኳን ጣውላ የሚስቴ ልደትም ትዝ አይለኝም።»

«አሳስቼ ገጥሜ ከሆነስ?»

«ታዲያ ማን ይሞታል? አሮጊቷ እንደሆነች ቀድማ ሞታለች» ብሎ መጋዙን አነሣ።

ሐሙስ ዕለት ቬሬና አንድ ወረቀት ይዛ ወረደች፤ የኤግዚቢሽኑ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ነው። «ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ስምዎ በትክክል መጻፉን ይዩልኝ።»

ታልኬ መነጽሯን አደረገች። «ወይዘሮ ታልኬ ብሩንስን እናመሰግናለን። ያለ እርሳቸው ጥንቃቄ ይህ ሥዕል ባለቤቱን ባላገኘ ነበር» ይላል። ስሟ መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያዋ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዶክተር አይግነር፣ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በግምት ነው የገጠምኩት።»

ቬሬና መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው። «ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ኦኖ ያውቃል፤ እሱም አይናገርም። እርስዎ ዝም በይ ካሉኝ ዝም እላለሁ።»

ቬሬና ወረቀቱን ኪሷ ከተተች። ከዚያ «ያውርዱትና እንየው» አለች።

ጣውላውን ከአሮጊቷ ፍሬም ጋር አስተያዩት። የድሮው ምስማር ቀዳዳዎች አንዱም አልገጠመም። የሌሎቹ ሦስት ሥዕሎች ፍሬሞች ደግሞ በዚያው ዓመት በስብሰው ተቀይረዋል፤ ጣውላው የየትኛው እንደነበር ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። ቬሬና ኮፍያዋን አውልቃ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጣች። የሆነውን የነገረችው ራሷ ናት፤ ታልኬን ለጥያቄ ማንም አልጠራትም።

ኤግዚቢሽኑ በሁለት ክፍል ፈንታ በአንድ ክፍል ተከፈተ። አሮጊቷ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብላ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። የሥራውን ቦታ ከሃምቡርግ የመጣ ሰው አገኘው።

በመጨረሻው ቀኗ ቬሬና፣ ተሰናባች እንደሚያደርገው፣ የፕለም ኬክ ጋግራ ምድር ቤት ድረስ ይዛ መጣች።

«ዝም ብል ይሻል ነበር?» አለቻት ታልኬ።

«አይ። በሦስተኛው ወር ቢነግሩኝ ግን ሌላ ሥዕል እፈልግ ነበር» አለች ቬሬና፣ ሰዓት እንደሚናገር ሰው፣ ያለ ቁጣ። ከዚያ አንድ ትልቅ ቁራጭ ቆርጣ አቀረበችላት።

ታልኬ ባያሰኛትም እስከ ፍርፋሪው በላችው። ማስተረፍ አሳፈራት።