የካሴቱ መጠቅለያ

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ክረምት፣ ቴዎፍሎስ መሐል ሜዳ ከተማ ባለው ቪዲዮ ቤቱ ከመብራት መጥፋት ይልቅ የሚፈራው ጋሽ ምንተስኖትን ነበር። እኚህ የቀበሌ ሹም በየቅዳሜው በርኖሳቸውን ደርበው ይመጡና ፊልሙን ትተው የፊልሙን መጠቅለያ ያያሉ።

ፊልሙን ከአዲስ አበባ የሚልክለት አብሮ አደጉ አወቀ ነው። ካሴቱን ባገኘው ጋዜጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥትን በሚያብጠለጥለው፣ ጠቅልሎ በሲባጎ ያስርና ለአውቶቡሱ ሾፌር ይሰጠዋል። ጋሽ ምንተስኖት ያንን ጋዜጣ በመዳፋቸው ደባብሰው ያቃኑታል፤ አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ይከቱትና "ለእሳት ማያያዣ ይሆነኛል" ይላሉ። ግቢያቸው ሙሉ ጭራሮ ተቆልሎ ሳለ የምን ማያያዣ ነው? ነገሩ ለቴዎፍሎስ አልጥም አለው። ሰውየው ማስረጃ እያጠራቀሙበት ነው። መናኸሪያ ወርዶ በሾፌሩ በኩል "ከእንግዲህ በፌስታል ላክ፤ ለምን አትበለኝ" ሲል ወደ አወቀ ላከ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ካሴቱ በጥቁር ፌስታል መጣ። ጋሽ ምንተስኖት ፌስታሉን ገልብጠው አዩት፤ ወደ ውስጡም አጮለቁ። ከዚያ ተመልካቹ ሁሉ ፊልሙ ላይ ማፍጠጡን አረጋግጠው ወደ ቴዎፍሎስ ጆሮ ጠጋ አሉ።

"ያለፈው ጋዜጣ መጨረሻው ላይ 'ይቀጥላል' ይል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቀጣዩን ስጠብቅ ሰነበትኩ።"

ቴዎፍሎስ እፎይ ሊል ሲል የሰውየው ፊት ተለወጠ። ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

"ለመሆኑ እኔ ጋዜጣ እንደማነብ ለማን ለማን ነው የነገርከው?"