በታጠፈ ገመድ የተለካ መሬት

ግማሽ መሬት ይገባሃል ብለው ሩብ ሰጡኝ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ሳምንት ብቸና ገበያ ያጋጠመኝ ነው። የጭድ ክምሬን የማለብስበት ሸራ ፈልጌ ነጋዴውን ግማሹን ቁረጥልኝ አልኩት። ቁመቱን አጠፈ፤ ወርዱንም አጠፈ፤ ቆርጦ ዘረጋልኝ። "ይኸው ጋሼ፣ ግማሽ።" ደሜ ፈላ። የተናደድኩት ግን በእሱ አልነበረም።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ በቀበሌያችን መሬት ሲደለደል ወንደላጤ ነበርኩ። ለባለትዳር ሙሉ፣ ለወንደላጤ ግማሽ ተባለ። እሺ። ሙሉ ድርሻ በቁመትም በወርድም አንድ አንድ ገመድ ነው። የኔ ተራ ሲደርስ የኮሚቴው ሊቀመንበር አያ ደምሌ ገመዱን እኩል አጠፉና በታጠፈው ቁመቱንም ወርዱንም ለኩ። ካስማ ተተከለ፤ ተጨበጨበ። እኔም ማይሙ አብሬ አጨበጨብኩ።

ክረምት ገብቶ በሬ ስጠምድ ነው ግራ የገባኝ። ባለሙሉ ድርሻው ጎረቤቴ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲያቦካ እኔ ፀሐይ ሳትከር እጨርሳለሁ። ሄጄ "አያ ደምሌ፣ መሬቴ ጎድሏል፤ ገና ሳልጀምረው ያልቃል" አልኳቸው።

"እንኳን ደስ ያለህ! በሬህ ጎበዝ ነው ማለት ነዋ።" ሰው ሁሉ ሳቀ። "ገመዱ ግማሽ፣ መሬቱ ግማሽ። ምን ቀረብህ?"

አነጋገራቸው እውነት ይመስላል፤ የሚያቃጥለውም ይኸው ነው።

መሬቱ አላኖር ሲለኝ ሞጣ ሄጄ ለግንበኞች ድንጋይ ተሸከምኩ። ከሥራ ስወጣ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ፤ ፊደል ቆጥሬ ክፍል እየጨመርኩ ሄድኩ። ሒሳብ የምታስተምረን ከባሌ ተመድባ የመጣች መምህርት ሐያት ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አንድ ወደ ጎን፣ አንድ ወደ ላይ አሰመረችና "አንዱ እጥፍ ሲሆን ሌላውም እጥፍ ከሆነ፣ መስመሩ ከዜሮ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል" አለች።

"ገመድና መሬትስ?" አልኳት።

"ሣለዋ። ጠመኔው ያውልህ።"

አንድ ገመድ በአንድ፣ አንድ መሬት። ሁለት በሁለት፣ አራት። ግማሽ በግማሽ፣ ሩብ። ነጥቦቹን ሳገናኛቸው መስመሩ እንደ ማጭድ ጎበጠ።

"ግማሽ የሆነው አጥሩ ነው" አለች። "አጥር አራት ጊዜ ገመድ ነው፤ መስመሩ ቀጥ ይላል። መሬት ግን ገመድ ሲባዛ በገመድ ነው። ቁመቱን ሳይነኩ ወርዱን ብቻ ቢያጥፉልህ ኖሮ ግማሽህን ታገኝ ነበር።"

እዚያው ክፍል ውስጥ ተሳደብኩ። ምን ብዬ እንደሆነ አልጽፍም።

ሥዕሉን ይዤ አያ ደምሌ ዘንድ ሄድኩ። "ይህ የዶሮ ጭረት ምንድን ነው?" አሉኝ። እሺ ብዬ ጋቢያቸውን ተቀበልኩና ሽማግሌዎች ፊት በቁመት አጠፍኩት፤ በወርድም አጠፍኩት።

"ስንት ድርብ ሆነ?"

"አራት።"

"የኔ አንዱ ነዋ!"

ጋቢውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "ጋቢ ይታጠፋል" አሉ በመጨረሻ። "መሬት ግን አይታጠፍም።"

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ወረዳ ከሰስኩ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ። የወረዳው የመሬት ባለሙያ ሜትሩን ይዞ እስኪመጣ ድረስ የቀረውን ድርሻዬን ሌላ ሰው ጤፍ እየዘራ በላው።

ሌባ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር እላለሁ ዛሬ። ሌባ ሲያዝ ያፍራል። አያ ደምሌ ግን በቅን ልብ ነው የበደሉኝ፤ እስኪሞቱ ድረስ ግማሽ የሰጡኝ ይመስላቸው ነበር። በቅንነት የተሳሳተን ሰው የምትረታበት ሸንጎ የለም፤ የምታስለካው መሬቱን ብቻ ነው። ቀሪዋ ሩብ የተለካችልኝ ግንቦት 19 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው።