መጨረሻውን የተናገርኩበት ቅዳሜ

ልጄ በሱቄ ግማሽ ላይ መጽሐፍ መሸጥ ከጀመረች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሱቃችን ያለችው አብነት ሰፈር ነው። እኔ በአንድ በኩል ለልብስ ሰፊዎች ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ፤ እሷ በሌላው በኩል መደርደሪያ አቁማ መጽሐፏን ትሸጣለች። መጀመሪያ ላይ በጣም ፈርቼ ነበር። ማን ይገዛል ብዬ ፈራሁ፣ እርጥበት ይገባዋል ብዬ ፈራሁ፣ እሳት ይነሳል ብዬ ፈራሁ። ልጄ አሁን አሁን መልስ መስጠቱንም ትታዋለች።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ሐሳብ መጣላት። በልደታና በዙሪያው ያሉ መጽሐፍ ሻጮች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ካፌ ግቢ ተሰብስበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መጽሐፍ ለሰው እንዲመርጡና ለምን እንደመረጡት እንዲናገሩ ፈለገች። ሻጮቹን በየቦታቸው እየዞረች ለመነች። ጌጃ ሰፈር የታሪክ መጻሕፍት የሚዘረጉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ አሉ። ሰው መጽሐፍ የሚገዛው ገልጦ አይቶ እንጂ ንግግር ሰምቶ አይደለም አሏት። ለአንድ ቀን እሞክረዋለሁ፣ ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ ብለው ተስማሙ። ሌሎቹ ደግሞ የእሳቸውን አፍ ነው የሚያዩት። ስለዚህ ልጄ የነበራት ያቺ አንድ ቅዳሜ ብቻ ነበረች።

ሁሉም የለመደውን ብቻ እንዳያወድስ የመጽሐፉን ዓይነት በዕጣ ተከፋፈሉ። ታሪክ የሚሸጡት ጋሼ ግጥም ደረሳቸው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ ካፌ ለካፌ የሚዞረው ወጣት የልጆች ተረት ደረሰው። ለልጄ የወጣላት የወንጀል ታሪክ ነው፣ ልብ አንጠልጣይ የሚሉት። እሷ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን አንብባ አታውቅም።

አንዱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ሳነብም ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ነው። ሽፋኑ ላይ የአንድ ሕፃን ልጅ ሥዕል ስላየሁ ከመደርደሪያዋ አንስቼው፣ ደንበኛ በሌለ ሰዓት እያነበብኩ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት ሁለቴ ሽሮ አሳርሬያለሁ፤ ሰማያዊ ክር ለጠየቀ ልብስ ሰፊ ጥቁር ሰጥቼ ሰውየው ሰማያዊ ሱሪ በጥቁር ሰፍቶ መጥቶብኛል።

ልጄ ይህን ሁሉ ስታይ ነው የከረመችው። "እማዬ፣ የምትናገሪው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እንቢ አልኩ። አፌ ይያዛል፣ ሰው ይስቃል፣ አሳፍርሻለሁ አልኳት። ያላነበብኩትን ጥሩ ነው ብዬ ብናገር ነው የማፍረው አለችኝ። እሺ አልኳት።

ቅዳሜ ግቢው ሞላ። ወንበር አልበቃ ብሎ የቢራ ሳጥን ገልብጠው የተቀመጡ ነበሩ። ጋሼ ግጥሙን ሲያነቡ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ እኚያ ቆጣ ቆጣ የሚሉ ሰው እንዲህ መሆናቸውን ማንም አልጠበቀም። ወጣቱ የጅቡንና የቀበሮዋን ድምፅ እያወጣ ተረቱን ሲናገር ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ ዘበኛው ራሱ በሩን ትቶ መጣ። ደስታው እኔንም ያዘኝ። ልጄን ሳያት ጉንጯ ቀልቷል። ሊሆንላት ነው አልኩ በልቤ።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ብድግ ብዬ መናገር ጀመርኩ። አንድ ልብስ ሰፊ አለ አልኳቸው። የሰባት ዓመት ልጁን ከማዶ ሱቅ ክር ግዛ ብሎ ይልከዋል። ልጁ ግን አይመለስም። ባለሱቁም አልመጣም ይላል። መንገዱ ላይ ሳንቲሙ ብቻ ይገኛል። ፊት ለፊቴ ከሥራ የመጣች፣ የጽዳት ጋዋኗን ያላወለቀች ሴት ተቀምጣለች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ታየኛለች። እኔም እሷን እያየሁ መቀጠል አቃተኝ።

"አይዟችሁ" አልኩ። "ልጁ በሕይወት ይገኛል። የሰረቀው የክርስትና አባቱ ነው።"

ተረተኛው ወጣት "ማዘር፣ መጽሐፉን ቀበሩት እኮ!" ሲል ሳቁ ፈነዳ። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ልጄ መሬት መሬቱን ታያለች። ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እንደቆምኩ ቀረሁ፤ ከመቀመጥ እውነቱን መናገር ይሻላል አልኩ። እኔ መጽሐፍ ስይዝ መጀመሪያ የማነበው የመጨረሻውን ገጽ እንደሆነ ነገርኳቸው። ልጁ መትረፉን ባላውቅ ኖሮ ሁለተኛውን ምዕራፍ አላልፍም ነበር፤ መትረፉን አውቄም ልቤ እየመታ ሦስት ሳምንት አልተውኩትም አልኳቸው።

ባለጋዋኗ ሴት ተነሳች። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ጀምራ እየጨነቃት ስንቱን ከመሐል እንደተወችው ተናገረች። ከዚያ "እናቱስ? ልጁ እስኪገኝ እናቱ እንዴት ሆነች?" ብላ ጠየቀችኝ።

አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

"እሱ መሐሉ ላይ ነው" አልኳት። "እሱን እንኳ አልነግርሽም።"

እንደገና ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ሌላ ነበር። ሴትየዋ መጽሐፉን ወሰደች። ከኋላ አንዱ "ለእኔም" አለ። ልጄ የያዘችው ሦስት ቅጂ ብቻ ስለነበር ለቀሩት ስማቸውን መመዝገብ ጀመረች፤ እጇ ለመጻፍ አልፈጥን አላት። አንዲት እናት ጠጋ ብላ ከጠረጴዛው ላይ ካሉት ልጅ የማይሞትበት የትኛው እንደሆነ በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን በጆሮዋ ነገርኳት።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ጋሼ መጽሐፎቻቸውን በሲባጎ ማሰር ጀመሩ። ልጄ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃለች፤ እኔ ደግሞ እሷን እያየሁ ጣቶቼን አፍተለትላለሁ።

"የሚቀጥለውን ዕጣ አሁኑኑ እናውጣ" አሉ። "ለእናትሽም የራሷን ቁራጭ ወረቀት ጨምሪላት።"

የደረሰኝ የፍቅር ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉን የመረጠችልኝ ልጄ ናት፤ ስትሰጠኝ የመጨረሻዎቹን ሃያ ገጾች ልብስ በምናሰጣበት መቆንጠጫ ይዛቸዋለች። እንደማልፈታው አስምላኛለች። አሁን መሐሉ ላይ ነኝ። በታሪኩ ያለችው ልጅ ከምትወደው ሰው የመጣላትን ደብዳቤ ሳትከፍት ሻንጣዋ ውስጥ ከታው አውቶቡስ ላይ ወጥታለች፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው፤ እሱ ምን እንደጻፈላት እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ክፈቺው እንጂ እላታለሁ፣ ድምፄን አውጥቼ። አንድ ልብስ ሰፊ ዚፕ ሊገዛ መጥቶ እየሳቀብኝ ቆሟል፤ ይህቺን ገጽ ልጨርስ ብዬዋለሁ።