ለየሰው የራሱ ፎልደር

በማተሚያ ቤቱ "ሰርቨሯ" ይሏታል። ስም አውጪ አይጥፋ! የሁሉም ፋይል የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምትጠብቅ፣ ሲበላሽ የምትጠራ፣ ሲሠራ የምትረሳ ሴት ናት። የቀጠሯት የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ አጎቷ ናቸው፤ ዝምድናው የጠቀማት ግን ከሠራተኛው ሁሉ ቀድማ ለመሰደብ ብቻ ነው።

ዲዛይነሩም ደንበኛውም ሥራውን ኤፍቲፒ በሚባለው የፋይል መላኪያ ወደ ሰርቨሩ ይልካል፤ የሁሉም ፋይል የሚጠራቀመው አንድ ፎልደር ውስጥ ነው። "ለየሰው የራሱን ፎልደር ልክፈትለትና ከዚያ እንዳይወጣ ልዝጋበት" ብላ ስንቴ ለመነች!

"እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ይላሉ አጎት። "ቤተሰብ በር ይዘጋጋል እንዴ?"

ቤተሰብነቱ የጣማቸው ያለ ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል እየከፈቱ "ይቺን ቀለም እኮ እኔ ነኝ ያልኩት" ማለት ነው ሥራቸው።

ይህ ቤተሰብ ደግሞ አንድ አመል አለው፤ ሥራ ሲያልቅ ፋይሉን "የመጨረሻ" ብሎ ይሰይማል። ሁሉም! ኋላ የላከው የፊተኛውን ደምስሶት ቁጭ ይላል። የአጎት ልጅ የሠርግ ጥሪ "የመጨረሻ" ተብሎ ገባ፤ ከምሳ በኋላ የአንድ ደንበኛ የሐዘን መግለጫ "የመጨረሻ" ተብሎ ላዩ ላይ ገባበት። የማሽን ሠራተኛው ማንበብ ይቅርና ቀና ብሎም አላየ። አስቀድሞ ጽጌረዳ በታተመበት የሠርግ ካርድ ላይ "በድንገተኛ ሕልፈታቸው የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን" ብሎ አተመው።

አጎት ካርዱን ይዘው መጡ። "ልጄን በቁሟ ገደልሽብኝ! ዛሬ ካላስተካከልሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውልቅ!"

እናቷ "ወንድሜ ፊት እንዳታሳፍሪኝ" ብላ ነው የላከቻት፤ ተባርራ በየት በኩል ቤት ትገባለች?

"ጋሼ፣ ፎልደሩን ልለየው?"

"ለዪው! ሁሉንም ቆልፊባቸው!"

ቤተሰብነቱ እዚያው ላይ አበቃ።

የቀረውን ከሰዓት ስትለይ ዋለች። ለየሰው ፎልደር ከፈተች፣ የየራሱን ሥራ አዛወረችለት፣ ወደ ሌላው እንዳያልፍ ዘጋችበት። የሠርጉም ጥሪ ከዲዛይነሩ ኮምፒውተር እንደገና ተልኮ በሰላም ታተመ።

ማታ ላይ አጎት በራሳቸው ፓስወርድ ገቡ። ፎልደሩ ባዶ ነው።

"ሥራዬ የት ሄደ?"

"ለየሰው የሠራውን ነው የሰጠሁት፣ ጋሼ።"

"የኔስ?"

የስድቡን ሁሉ ብድር የምትመልስበት ሰዓት መጣላት፤ ግን አንጀቷን በሏትና ተወችው። አጎት ባዶውን ስክሪን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ ተነስተው የቢሮውን በር ገጠም አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"የኔንም ቆልፊው" አሏት። "ማንም እንዳያየው።"