ሱሉልታ ላይ የረጋው ዘይት

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ፀጉሯን የኮኮናት ዘይት ተቀብታ ነበር። ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ መውረጃዬን አለፍኩ። ስማኝማ፣ ምን እንዳስታወሰኝ ልንገርህ።

ያኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ በማስተር ፕላኑ የተነሳ ረብሻ የነበረ ጊዜ። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ መኪና የሚባል የለም። እኔ መርካቶ አንድ ኮስሞቲክስ ቤት ነበር የምሠራው። መንገዱ ሲዘጋ ሰፈር ልሸጠው ካመጣሁት አንድ ካርቶን የኮኮናት ዘይት ጋር ቤት ቀረሁ። ኢንተርኔትም ተዘጋ። እንግዲህ እሱ ሲዘጋ የሰፈሩ ኢንተርኔት እኔ ሆንኩ። ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ነው የተማርኩት፤ ስድስተኛን እንደኔ የሚያውቅ ሰው የለም። አፍ ደግሞ ተሰጥቶኛል። ለፀጉር፣ ለጥርስ፣ ለስኳር፣ ለቦርጭ፣ ለግፊት እያልኩ ሳወራ አላፊ አግዳሚው ይቆምልኝ ነበር። ወሬውን ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ነው የያዝኩት፤ ቅመሙን እኔ ጨመርኩበት።

አከራዬ የደም ግፊት ነበረባቸው። ኦሮሞ እናት ናቸው፣ "አዴ" ነው የምንላቸው። አንድ ልጃቸውን፣ የኔን እኩያ፣ በዚያ ረብሻ ከመንገድ ላይ ይዘውት ሄደዋል፤ የት እንዳለ አይታወቅም። "እሱ እስኪመጣ ልቆይ እንጂ ሌላ አልፈልግም" ይሉ ነበር። ክኒናቸው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ ሊያልቅ ደርሷል።

"አዴ፣ ምን አስጨነቀዎት? ከዚህ ጠዋት ሁለት ማንኪያ፣ ማታ ሁለት ማንኪያ ይጠጡ፤ ግፊት አገር ጥሎ ይጠፋል" አልኳቸው።

አመኑኝ። የቀረቻቸውን ክኒን በጨርቅ ቋጥረው ለክፉ ቀን አስቀመጧት።

ሳምንት ሳይሞላ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር። ከጎኔ ያለችው ተከራይ ከወላይታ የመጣች ነርስ ናት፤ ልብስ ስታጥብ መዝሙር ነው የምትዘምረው፣ እኔ ላይ ግን ምሕረት የላትም። አንድ ጠዋት ግፊታቸውን ለካችና ፊቷ ተለወጠ። ስለ ዘይቱ ሲነግሯት ወጥታ የራሷን የምግብ ዘይት ይዛ መጣች፤ ከሸማቾች ተሰልፋ ያመጣችውን። አዴ ያንን "የሚረጋ ዘይት ልብ ይደፍናል" ብለው ቤታቸው አያስገቡትም። ከኔ ጠርሙስ ጎን አስቀመጠችው። የሱሉልታን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ሁለቱም እንደ ሻማ ነጭ ሆነው ረግተዋል።

"እስቲ ዶክተር፣ ለይልን" አለችኝ።

"የኔው ለጤና ብሎ ነው የረጋው" አልኩ።

አዴ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"ለፀጉርማ እኔም እቀባዋለሁ፣ ለደረቀ ቆዳም ጥሩ ነው" አለች። "ደም ውስጥ ጥሩውን ስብ ይጨምራል ይላሉ። መጥፎውንም ይጨምራል፣ እሱን ግን ሻጭ አይነግርህም። ግፊት ያወርዳል ለሚለው እኔ የማውቀው ማስረጃ የለም። ክኒኑ ግን ሲያወርድላቸው በእጄ ለክቼ አይቻለሁ።"

አዴ ወደኔ ዞሩ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ በዚህ ዘይት የዳነ ሰው በዓይንህ አይተሃል?"

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ አጎት ነበረኝ። ዘይቱን ጠጥቶ ከአልጋው ተነስቶ ግንድ የፈለጠ፣ ከማንም ያልተወለደ አጎት። ስንት ጠርሙስ ሸጦልኛል። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ክኒኗ የተቋጠረችበትን ጨርቅ ይዘው መልሴን ሲጠብቁ አየሁ።

"አላየሁም" አልኩ። "ቪዲዮ ላይ ነው።"

ዛሬም ቢሆን ሰው ፊት እንዲህ ማለት ጥርስ ከመነቀል ይብስብኛል።

ጨርቁን ፈትተው ክኒኗን ዋጡ። ነርሷ ጤና ጣቢያው ውስጥ የሚገኝ እንዳለ ልትጠይቅላቸው ወጣች። ሁለታችን ቀረን። የተቃጠለ ጎማ ይሸታል፣ ከወደ አስፋልቱ የሰው ጩኸት ከፍ ዝቅ ይላል።

"ልጅዎ በቅርብ ይፈታል ብለኸኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "እሱንም ቪዲዮ ላይ ነው ያየኸው?"

ቀልድ ልጀምር አልኩና ተውኩት።

"አላውቅም፣ አዴ።"

ጋቢያቸውን ሰብስበው መደቡ ላይ ጠጋ አሉልኝ።

"ና ተቀመጥ" አሉኝ። "እንግዲህ አብረን እንጠብቃለን።"